ክሩ ባጭሩ፦ ከኮዬ ፈጬ ሆኖ በእንግሊዝኛ ጉብኝት ማስያዝና የጉዞ ሰነድ መላክ

መድረኩ ላይ ይህ የውይይት ክር ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ሰው ከመሃል እየገባ የተመለሰ ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል። ለአዲስ ገቢዎች ስል ከ1 እስከ 36 ያለውን በራሴ አነጋገር አሳጥሬዋለሁ። ሁሉንም እኩል አላሳጠርኩም፤ የሚረባው ላይ እቆያለሁ፣ ስድቡን አልፋለሁ። ከስድቡም የሚያስቀውን ግን አልዘለልኩም።

1. ክሩን የከፈተችው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር የሒሳብ መምህርት ናት። በክረምቱ እረፍት፣ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ እናቷን ይዛ ኬንያ ማሳይ ማራ መሄድ ታስባለች። ናይሮቢ ላለ አስጎብኚ ድርጅት በኢሜይል ጻፈች፣ ረጅም መልስ መጣላት፦ ዋጋው፣ በዋጋው ውስጥ ያለውና የሌለው፣ ስካን አድርጋ የምትልካቸው ሰነዶች። ስታነበው ይገባታል፤ መልስ ልጻፍ ስትል ነው እጇ የሚያዘው። ሰፈሯ ያለ ኮፒ ቤት ኢሜይሉንም ፎርሙንም ሊጨርስላት ዋጋ ነግሯታል። ለዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንግሊዝኛ እንደሚበቃ፣ ወይስ ከፍላ መገላገሉ እንደሚሻላት ነው የጠየቀችው።

2. የየካ አባዶ ሰው፣ ሰላምታውን አብዝቶ፣ እህቴ እያለ፣ ከፍላ እንድትገላገል መከራት። እሱ የዲቪ ፎርም በየዓመቱ የሚያስሞላው ኮፒ ቤት ነው፤ አንድም ቀን ችግር ገጥሞት አያውቅም። አንድም ቀን ደርሶት እንደማያውቅ ደግሞ 9 ላይ አምኗል።

3. ይህች ትኬት ቢሮ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ ክሩን መስመር ያስያዘችው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። የኮፒ ቤቱ ክፍያ አላሳሰባትም። ያሳሰባት ኢሜይሉ በማን ስም እንደሚሄድ ነው። አንዳንዱ ኮፒ ቤት በራሱ አድራሻ ይልካል፤ ሌላው ለደንበኛው አዲስ ኢሜይል ይከፍትና የይለፍ ቃሉን እዚያው ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ አስጎብኚው ሰዓት ቢቀይር ወይም ሰነድ ቢጎድለው መልሱ የሚሄደው ወደ ኮፒ ቤቱ ነው፤ ፎርሙን የሞላው ልጅ ሥራ ከለቀቀ ማንም ከፍቶ አያየውም። ናይሮቢ ያለው ሰው ሻጭ እንጂ ፈታኝ እንዳልሆነ፣ የሰዋስው ስህተት ቆጥሮ ደንበኛ እንደማይመልስም አስታወሰቻት። እኔም የምስማማው ከዚህች መልስ ጋር ነው። ከዚህ በታች የምታነቡትም አብዛኛው ይህንኑ የሚያጠናክር ነው።

4. ሱሉልታ የሚኖር፣ ቱሪስት ሲያመላልስ ዕድሜውን የፈጀ ሹፌር። መልሱ ከሁሉ ረጅሙ ነው፣ ግን መዝለል አያስፈልግም። የዋጋ ዝርዝሩን ቃል በቃል ፈታላት። ፐር ፐርሰን ሼሪንግ የሚለው ዋጋ የአንድ ሰው ነው፣ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲጋራ። ስለዚህ ለእሷና ለእናቷ በሁለት ይባዛል፤ ብዙ ሰው የሁለቱ መስሎት እዚህ ላይ ይደነግጣል። ሲንግል ሰፕልመንት ብቻውን የሚያድር የሚጨምረው ስለሆነ እነሱን አይመለከትም። ክፍሉን ትዊን ካለች ሁለት አልጋ፣ ደብል ካለች አንድ ሰፊ አልጋ ይዘጋጃል። ፉል ቦርድ ማለት ቁርስ፣ ምሳና እራት ነው፤ መጠጥ ግን ብዙ ጊዜ አይገባበትም። ከሁሉ በላይ የነገራት የፓርኩን መግቢያ ነው፦ በፈረንጆቹ 2024 ማሳይ ማራ ለውጭ አገር ጎብኚ ከጃንዋሪ እስከ ጁን በቀን 100 ዶላር፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 200 ዶላር አድርጎታል። የዱር እንስሳቱ ጉዞ የሚታየው ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ገደማ ነውና ነሐሴ የሚሄድ ሰው ውዱ ወቅት ላይ ይወድቃል። ክፍያው በዋጋው ውስጥ መኖሩን በጽሑፍ ሳያረጋግጡ ቀብድ መላክ በእሱ አነጋገር ያለ ፍሬን እንጦጦን መውረድ ነው።

5. አያት ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት አጭር ጻፉ፣ ግን ማንም ያላሰበውን። ነሐሴ መጀመሪያ ፍልሰታ ነው፣ የመምህርቷም እናት መጾማቸው አይቀርም። ኢሜይሉ ላይ ፋስቲንግ ብሎ መጻፍ አደጋ አለው፤ እሳቸው በአንድ የውጭ ጉዞ ላይ ጿሚ መሆናቸውን ያስመዘገበላቸው ልጅ እንዲያ ብሎ ጽፎ ምሳ ሳይዘጋጅላቸው ቀርቷል፣ ጭራሽ የማይበሉ መስሏቸው። ቬጀቴሪያን ቢባልም እንቁላልና ወተት ይመጣል። ቬጋን ተብሎ ይጻፍ፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ እንደማይበሉም በዝርዝር ይጨመር።

6. ጠያቂዋ ተመልሳ አመሰገነች፣ ሌላ ጥያቄም ጨመረች። ፎርሙ ሰርኔም (የቤተሰብ ስም) ይላል። የእሷና የእናቷ አንድ አይደለም፤ ምን ትጻፍ?

7. አንድ ልበ ሙሉ ሰው የአባት ስም እንደሚጻፍ፣ ኮሌጅ ውስጥም ሁሉም እንደዚያ እንደሚያደርግ መለሰ።

8. የትኬት ቢሮዋ ሴት ይህን በትሕትና ግን በፍጥነት አረመችው። የምናስበውን ሳይሆን ፓስፖርቱ የሚለውን ነው የምንገለብጠው። ፎቶው ያለበት ገጽ ግርጌ ላይ ፊደልና የቀስት ምልክት የተደባለቀባቸው ሁለት መስመሮች አሉ። በላይኛው መስመር ኢ ቲ ኤች ከሚለው ቀጥሎ፣ ሁለት ቀስቶች ተከታትለው እስኪመጡ ድረስ ያለው ሰርኔም ነው፤ ከሁለቱ ቀስቶች በኋላ ያለው ጊቭን ኔም ነው። በኬ ይሁን በኪው፣ በአይ ይሁን በኢ፣ ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈውን ፊደል ማሳመርም ማረምም የለም። የትምህርት ማስረጃው በሌላ ፊደል ቢጽፈው እንኳ ትኬቱ ፓስፖርቱን መምሰል አለበት፤ ካልመሰለ ቦሌ ላይ የመንገደኛ መመዝገቢያው ፊት መከራከር ይመጣል።

9. የየካ አባዶው ሰው ደንግጦ ተመለሰ። የዱባይ ትኬቱ ላይ ከስሙ መጨረሻ ኤም አር የሚሉ ሁለት ፊደላት ተለጥፈውበታል፤ ስሙ ተበላሽቶ ይሆን?

10. አልተበላሸም። የአየር መንገዶች ሥርዓት ማዕረጉን ከስሙ ጋር አያይዞ የማተም ልማድ አለው፤ የስሙ አካል ተደርጎ አይቆጠርም።

11. ችግር የሚመጣው ራሳችን ስንለጥፈው ነው ያለ አንድ የጀሞ ሰው፣ የአክስቱ መጠሪያ ስም በሚለው ቦታ ላይ ወይዘሮ ተብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለተሞላ ትኬቱን ለማስቀየር የተከፈለውን ተናገረ። የእናትና የልጅ ሰርኔም መለያየቱ ለአዋቂ ችግር እንደሌለውም ጨመረ። ሕፃን ይዞ የሚጓዝ ወላጅ ግን የልደት ምስክር ወረቀትና የሌላውን ወላጅ ፈቃድ፣ ሰው አሁንም ውልና ማስረጃ ከሚለው ቢሮ አረጋግጦ፣ ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ ቢይዝ ይሻለዋል።

12. እዚህ ላይ አየሩ ተቀየረ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የቋንቋ ማስተማሪያ ያላቸው ሰው ገቡ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ መጻጻፍ አገር ማዋረድ መሆኑን፣ መምህርት ሆና ይህን መጠየቋም እንዳሳፈራቸው ጽፈው፣ የሦስት ወር ኮርስ ከነስልክ ቁጥሩ አስከተሉ።

13. አንድ የገላን ወጣት፣ ልጅቷ የምትሄደው በነሐሴ፣ ኮርሱ የሚያልቀው በመስከረም መሆኑን ጠቁሞ፣ አንበሳው የእንግሊዝኛ ግሥ ጊዜያትን ይጠይቃት እንደሆነ እንዲነግሩት ጋሼን ለመነ።

14. ጋሼ የወጣቱን አማርኛ አረሙ፤ ሀሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ ተቀያይረውበታል።

15. ሦስተኛ ሰው የጋሼን አማርኛ አረመ።

16. የመድረኩ አስተዳዳሪ ስልክ ቁጥሩን አጥፍቶ ሁሉም ረጋ እንዲል አሳሰበ። ለቋንቋ ቤቱ ጋሼ ግን ላድላ፤ በጩኸታቸው መሃል የሚያዝ አንድ ነገር ነበር። ማሰብና ማረጋገጥ ለአስጎብኚ ድርጅት አንድ አይደሉም። ኮንፈርም አድርጌያለሁ ብለሽ ከጻፍሽ የስረዛ ደንቡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊቆጠርብሽ ይችላል፣ ቀብዱም ኖን ሪፈንደብል ከሆነ አይመለስም። ገና እያመዛዘነ ያለ ሰው ዋጋ እየጠየቀ መሆኑን በግልጽ ይጻፍ። በማስት የሚጀምር ዓረፍተ ነገርም ትእዛዝ ይመስላል፤ ኩድ ዩ ፕሊዝ ማለት ምንም አያስከፍልም። ይህን ብቻ ጽፈው ቢሆን ኖሮ ተማሪ ያገኙ ነበር።

17. መምህርቷ ጭቅጭቁን ዘልላ ሌላ ነገር አመጣች። የተወለደችው ታኅሣሥ 25 ቀን 1976 ነው። ፓስፖርቷ ጃንዋሪ 4 ቀን 1984 ይላል፤ ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ የጻፈላት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ደግሞ ጃንዋሪ 3። የትኛው ነው የተሳሳተው?

18. አንዱ ፓስፖርቱ ነው አለ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7፤ አራት ቀን ወደኋላ ቢቆጠር ጃንዋሪ 3 ይመጣል።

19. ለገጣፎ የሚያገለግሉ ዲያቆን አረሙት፣ እኔን ከሁሉ ያስደሰተኝም ይህ መልስ ነው። 1976 ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው የሉቃስ ዓመት ጳጉሜን 6 ስለሆነች መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ዋለ፤ ገናም በዚያ ዓመት የተከበረው ታኅሣሥ 28 ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ 25 ከጃንዋሪ 7 ሦስት ቀን ብቻ ይቀድማል። ፓስፖርቱ ልክ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት በተራው ዓመት የቆጠረችው። ዓመቱንም በደፈናው 8 መደመር እንደማይሠራ አስከተሉ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የሚደመረው 7 ነው። ከ19 በታች ያለች አንዲት አስተያየት ደግሞ 04/01 ተብሎ የተጻፈን አሜሪካዊ አፕሪል 1 ብሎ ስለሚያነበው ወሩን በፊደል መጻፍ እንደሚበጅ ትመክራለች። የትኬት ቢሮዋ ሴትም አልቀረችም፦ አስጎብኚው የሥራ ልምድ ደብዳቤ አልጠየቀም፣ ያልተጠየቀ ወረቀት መላክ ያልተጠየቀ ጥያቄ ይጠራል።

20. ሹፌሩ ስለ ሰዓት ጻፈ። ናይሮቢ ላይ ከሆቴል የሚነሱት 6:30 ኤ ኤም ተብሎ ከተጻፈ በእኛ ከጠዋቱ 12:30 ነው። ቀልድ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አንድ የሚያውቀው ባለትዳር እዚያው ናይሮቢ ቁርሱን ተረጋግቶ በልቶ ከምሳ ሰዓት በኋላ መኪናውን ሲጠብቅ ነበር፤ መኪናው ሲነጋ መጥቶ ሄዷል።

21. ናይሮቢ የሠራች ሴት የማላውቀውን ጨመረች። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ተነስተው ነው፤ የጠዋቱን 8 ሰዓት ሁለት ይሉታል። ሰዓታችንም ከኬንያ ጋር አንድ ነው፣ ማስተካከል አያስፈልግም። የናይሮቢ ሹፌር በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ግን በፈረንጅ ቆጠራ ነው፣ ስለዚህ ኤ ኤም እና ፒ ኤም ሳይጠይቁ መተው አይገባም።

22. ትኬት ላይ ሐሙስ 00:40 የሚል ካለ በእኛ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:40 ነው ያለው የቦሌ አራብሳ ሰው ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚወጣ አውሮፕላኑን አያገኘውም፤ ረቡዕ ከእራት በኋላ መነሳት አለበት፤ የኮዬ ፈጬ ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ታክሲ የት እንደሚያገኝ ከወዲሁ ያስብበት።

23. ራሱን ጉዳይ አስፈጻሚ ያለ ሰው የኬንያን የኢንተርኔት ቪዛ ፎርም በቅናሽ ሊሞላ ቀረበ።

24. ትኬት ቢሮዋ ትሕትናዋ አለቀ። ኬንያ በጃንዋሪ 2024 ቪዛን አስቀርታ በኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ስትተካ ኢትዮጵያውያን ከፈቃዱም ነፃ ከሆኑት ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያ በፊትም በሁለቱ አገሮች ስምምነት ያለ ቪዛ ነበር የሚገባው። ሰውየው ሊሸጥ የመጣው የሌለ ነገር ነው። እሱም ዝም ብሎ ጠፋ። የሚያስፈልገው ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት ነው።

25. አንዲት ነርስ የቢጫ ወባን ክትባት አስታወሰች። ካርዱ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተውም። ከጁላይ 2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተከተበ ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግለው የድሮ ካርድ ያላቸው እናት እንደገና መወጋት የለባቸውም።

26–28. አንዱ፣ ባሌ ተራሮች በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቶ ሳለ ዶላር ይዞ ኬንያ መሮጥ ምን ይባላል አለ። ሌላዋ ገንዘቡ የእሱ እንዳልሆነ ነገረችው። ከዚያ ወሬው ወደ ኮዬ ፈጬ ውኃ ዞረ፣ ማን ሕንፃ ላይ ስንት ቀን እንደጠፋ። እሱን የሚሻ ራሱ ያንብብ።

29. ከሰበታ አንድ ሰው፣ ወንድሙ ጀርመን ጋብዞት፣ የቪዛ ማመልከቻ ደብዳቤ ናሙና ጠየቀ።

30. ናሙና የሰጠው የለም፣ ደግ አደረጉ። ከኢንተርኔት የተቀዳች አንዲት አንቀጽ ቆንስላ ያለው ሰው ደጋግሞ አይቷታል። ይልቅ ግማሽ ገጽ በራሱ ቃል እንዲጽፍ ተመከረ፦ ማን እንደሆነ፣ ከመቼ እስከ መቼ የት እንደሚያድር፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ተመልሶ የሚመጣበት ሥራ ምን እንደሆነ። ቀኖቹ ከትኬቱ፣ ከኢንሹራንሱና ከመሥሪያ ቤቱ የፈቃድ ደብዳቤ ጋር አንድ መሆን አለባቸው። ለሸንገን፣ ማለትም ጀርመንም ላለችበት የአውሮፓ የጋራ ቪዛ፣ የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት፤ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው ይገባል፤ የአዋቂ ክፍያው ከጁን 2024 ወዲህ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከልም አይመለስም።

31. የአሜሪካን ቪዛ ፎርም ዲ ኤስ 160ን የሞላች ልጅ ስለ መብራት ጻፈች። ገጹ 20 ደቂቃ ካልተነካ ይዘጋል፤ በኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ሳይጠራ ይሄዳል። ፎርሙ ሲከፈት የሚሰጠውን የማመልከቻ ቁጥር መጀመሪያ ወረቀት ላይ መጻፍ፣ በየገጹም ማስቀመጥ።

32. ፎቶም አንድ ዓይነት አይደለም፦ ለአሜሪካና ለዲቪ ሁለት በሁለት ኢንች፣ ለሸንገን 35 በ45 ሚሊሜትር። ፎቶ ቤቱን ፓስፖርት ሳይዝ ብቻ ማለት አይበቃም።

33. ደብዳቤውን ስልኩ እንዲተረጉምለት የሰጠ ሰው የእናቱ ስም የከበረ ማዕድን ሆኖ ወጣ። ወርቅነሽ ይባላሉ። በስልክ መተርጎም አይከለከልም፣ ስም ግን በእጅ ይግባ።

34. መምህርቷ ተመለሰች፤ ኢሜይሉን ራሷ ጽፋ ልካለች። ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ሁለት አዋቂ፤ አንድ ትዊን ክፍል፤ አንዷ ቬጋን፣ የማይበሉት ተዘርዝሮ፤ የፓርክ መግቢያ በዋጋው አለ ወይ፤ ቀብዱ ስንት ነው፣ ብንሰርዝ ይመለሳል ወይ፤ ቀሪውን ናይሮቢ ደርሰን መክፈል እንችላለን ወይ። የፓስፖርቶቹን ገጽ በየስማቸው ለይታ በፒዲኤፍ አያያዘች። መልሱ በማግሥቱ መጣ። የፓርክ መግቢያው በዋጋው አልነበረም። እሱ ሲደመር ከበጀታቸው አለፈ፤ ሦስቱን ሌሊት ወደ ሁለት አውርዳ እንደገና ዋጋ ጠይቃለች። የኮፒ ቤቱ ልጅ ይህን ይጠይቅላት ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ።

35. የቋንቋ ቤቱ ጋሼ ኢሜይሏን እንድትለጥፍላቸውና በነፃ እንዲያርሙላት ጠየቁ። እስካሁን አልለጠፈችም።

36. የአያት ሰፈሯ እናት ሌላ ጭንቀት አመጡ፦ የመምህርቷ እናት ለጾሙ ሽሮና በርበሬ ሻንጣ ውስጥ ቢይዙ ናይሮቢ አየር ማረፊያ ያሳልፏቸዋል ወይ፣ ካሳለፉስ ቅጽ ላይ ምን ተብሎ ይሞላል? የሄደበት ካለ ከዚህ ቀጥሎ ይጻፍ፤ ውኃውን ግን በሌላ ክር።